ማንም አልቀረም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መጋቢያችን፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጆች፤ እናንተም እዚያ ግንቡ ሥር የቆማችሁ ልጆች፤ እግዚአብሔር ያጽናን። ያጽናችሁ አላልኩም። ያጽናን ነው ያልኩት። እኔም ቆሜ ታዩኛላችሁ እንጂ የቆምኩ አይደለሁም።

ልጆች፣ ቅረቡ እስቲ። እሱ ቢሆን እናንተ ሳትቀርቡ አፉን አይከፍትም ነበር። ቅረቡ። እንደሱ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጸሎት ቤታችንን የልጆች ካምፕ ድንኳን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እናንተ የቀደዳችሁትን የምጥፈው፣ ያሳረራችሁትን ድስት የምፈገፍገውም እኔ ነኝ። ንግግር አላውቅም። ባለቤቱ ናት ትናንት ጠርታ፣ «አንተ ተናገርለት፤ ስንጨርስም እንደ ልማዳችሁ አንተ ተጣራለት» ያለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! አፍ ነው የሚለው። መጣራቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልማዳችንን የማታውቁ አላችሁ። ከካምፕ ስንነሳ፣ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ይቀራል። እሳቱ መጥፋቱን ያያል። ድንኳን የተተከለበትን ቦታ ሁሉ ይዞራል፤ ከቁጥቋጦውም ኋላ፣ ከድንጋዩም ኋላ ያያል። ከዚያ ቀና ይልና «ማንም አልቀረም!» ብሎ ይጣራል። ያ ድምፅ ሳይሰማ አንድ እግር አይነሳም። ያ ሰው ማን ነበር? እሱ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እሱ ነበር። ፀሐይ ስታቃጥል እሱ ነበር። ዳገት ስንወጣም የሁላችን ኋላ እሱ ነበር። ለዚህ አይደል እናንተ ልጆች «ጋሼ መጨረሻ» ያላችሁት!

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ «ማንም አልቀረም» ልል ነው። እዚህ ላይ ቆሜ። ይህን አፈር እያየሁ። እስቲ ማን ይችለዋል?

ልማዱ ከየት መጣ መሰላችሁ? ከእኔው ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ካምፓችን ነው። ያኔ ሁላችንም ጎረምሶች ነን፤ ሁላችንም አዋቂ ነን። ልንመለስ ስንል እሱ ልጆቹን ቆጠረ፤ ሞልተዋል። የመዝሙር መሪው ቆጠረ፤ ሞልተዋል። ሾፌሩ ሳይቀር አላምናችሁም ብሎ ቆጠረ፤ ሞልተዋል። አንድ ልጅ አልጎደለም። አስተባባሪዎቹን ግን የቆጠረ የለም። ትልቅ ሰው ይረሳል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ወንዙ ዳር ተንበርክኬ ድስት እየፈገፈግኩ ነው። ቀና ስል መኪና የለም። ሰው የለም። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ተጣራሁ። ከዚያ ድስቱን ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩና፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ አለቀስኩ።

እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ በምን አወቀ? መዝሙር ጀመሩ። ዘመሩ፣ ዘመሩ፤ ዜማው በጣም አማረ። እሱ ደነገጠ። «ዛሬ ምን ሆነን ነው እንዲህ ያማረልን?» አለ። ግራ ቀኙን አየ። «ልብስ ሰፊው የታለ?» አለ። ወዲያው ብድግ ብሎ «መኪናውን አዙር!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ «መንገዱ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ ልፈልግ» እያለ ሲከራከር፣ እሱ በሩን ከፍቶ ወርዷል። ያንን ዳገት በሩጫ።

መጥቶ ፊቴ ቆመ። ትንፋሹ ሊወጣ ደርሷል። እኔ አኩርፌያለሁ። «ረሳችሁኝ» አልኩት። «አዎ፣ ረሳንህ» አለኝ። ሰበብ አልደረደረም። «ረሳንህ፤ ግን ይኸው መጣሁ» አለኝ። ድስቱን ከሥሬ ስቦ ራሱ ላይ ደፋው፤ እንደ ቆብ። እየሳቅኩ ተከተልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቱ ሌላ ሰው መጨረሻ እንዲወጣ ፈቅዶ አያውቅም።

እኔ ስረሳ ተመልሶ መጣልኝ። እኔ ዛሬ ለእሱ ወዴት ልመለስ? የትኛውን ዳገት ልሩጥ? ንገሩኝ እስቲ! መንገዱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝና አሁኑኑ ልሂድ።

በሥራው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ባልደረቦቹ እዚህ ናችሁ፤ ታውቁታላችሁ። የዚያች የሥራ ሱቁ በር ኋላ፣ ከተቆራረጠው ቧንቧና ከማጣበቂያው ጣሳ በላይ፣ የካምፕ መውጫ ቦርሳው ተሰቅሎ ነበር የሚውለው። ዓርብ ከሰዓት መፍቻውን አስቀምጦ ቦርሳውን ያወርዳል። የቱም ደንበኛ ቢለምነው አይመለስም። ቅዳሜ የልጆች ነው።

ታዲያ የማን ልጆች? አንድ ቀን ባለቤቱ ይህንኑ ጠየቀችው። «ለሰው ልጅ አባት ሆንክ፤ ለልጆችህ እንግዳ ሆንክባቸው» አለችው። እህቴ፣ ነግረሽኛልና ነው የማወራው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ አልተቆጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱን ሁሉ ጠቅልሎ መጣ። እሷ፣ ወንዱ ልጁ፣ ያኔ ገና ያልተራመደችው ሴቷ ልጁ፣ የልጅቷ ገንዳ ሳይቀር! እኔ በስንት ልፋት በሰፋሁት ድንኳን ገመድ ላይ የሕፃን ጨርቅ ሲሰጣ አየሁ። ተናደድኩ። አሁን ያ ጨርቅ ናፈቀኝ።

የቤታቸውንስ ቧንቧ? የወጥ ቤቱን ነው የምላችሁ። ከተማውን ሁሉ ሲጠግን የሚውል ሰው፣ የራሱ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ስንት ዘመኑ! «ነገ» ይላታል። እሷም «ለሰው ባለሙያ፣ ለእኔ ተስፈኛ» ትለዋለች። ሥሩ ኩባያ አስቀመጡለት። ኩባያው ሲሞላ ከልጆቹ አንዱ አበባው ላይ ያፈሰዋል። ዛሬ ጠዋት ቤት ስገባ አሁንም ያንጠባጥባል። ከባልደረቦቹ አንዱ ሊጠግነው እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው» አለችው። «እሱ ነገ ብሏል፤ ተወው» አለችው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ወንዱ ልጁ ከፊቴ ቆሟል፤ ሬሳ ሳጥኑን ሲሸከም አይታችሁታል። ልጄ፣ አስፈቅጄሃለሁና ልናገር። ይህ ልጅ አንድ ቀን «አባዬ፣ እኔ ከእንግዲህ አላምንም፤ ጸሎት ቤትም አልሄድም» አለው። ብዙ ሰው መካሪ ሆኖ መጣ። «ጨከን በልበት» ያለው አለ። «ከቤት አስወጣው» ያለውም አለ። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ራሱን ያውቃል። እሱ ምን መለሰ? «እኔ እኮ የመጨረሻ ነኝ። ልጄ ከኋላዬ አልቀረም፤ ከፊቴ ነው ያለው። ጀርባውን እስካየሁት ድረስ አልጠፋብኝም» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ጌታን ተወው፤ ዳገቱን ግን ከእኔ ጋር ውጣ» ይለው ነበር። ልጁም ይወጣ ነበር። እንዲህ ነበር እምነቱ። ሰው አያጣድፍም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይል ነበር፤ ነፍስም ብትሆን።

ልጆች፣ አሁን ደግሞ በሕይወት እያለ እንዳልናገር ያስማለኝን ልንገራችሁ። የጋሼ መጨረሻ ጉልበት ደህና ነበር። አዎ! ደህና! ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያ ለጣሪያ የውሃ ታንከር ሲጭን የሚውል ሰው ጉልበት ነው፤ ከእኔ ጉልበት መቶ ጊዜ ይሻላል። ዳገቱ ላይ «ወይ ጉልበቴ፣ ልጄ ቀስ በይልኝ፣ ብቻዬን አትተይኝ» የሚለው ለእናንተ ነበር። ለሚያለከልከው። ጫማው ለጠበበው። ከፊት ያሉት «ኤሊ» እያሉ ለሚስቁባት። «ደካማው እኔ ልሁን፤ እነሱ ደጋፊ ይሁኑ» አለኝ። ስንቶቻችሁ ቦርሳውን ተሸከማችሁለት! ስንቶቻችሁ ክንዱን ይዛችሁ «አይዞህ ጋሼ» አላችሁት! ሳቁ፣ ግዴለም። እሱም እናንተ ዞር ስትሉ ይስቅ ነበር።

ግን ያ ደግነቱ ነው የበላን።

ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱ መሃል ቁጭ አለ። ደረቱን ያዘ። እኛ ከላይ ሆነን አየነው። ሁላችንም አየነው። ምን አልን? «ጋሼ መጨረሻ ጀመረው!» አልን። ከመካከላችን አንዱ «ዛሬ ደግሞ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ወጣ» አለ። ሳቅን። እጃችንን አወዛወዝንለት። እሱም አወዛወዘልን። ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን።

ወይኔ ወንድሜ! የእውነት ደክሞት ተቀምጦ እኛ ቀልዱን ነው ያየነው። የሁላችንም ኋላ እሱ ነበር። የእሱ ኋላስ ማን ነበር? ማን ነበር? ማንም! ስንት ዓመት ስንወጣና ስንወርድ ይህንን ያሰበ አንድ ሰው ከመካከላችን እንዴት ይጠፋል?

አጠገቡ የነበረችው ልጅ እዚህ አለች። ቦርሳውን ይዛለት የነበረችው። እህል አልቀምስም ብላለች አሉኝ። ልጄ፣ ቀና በይ። እኔን እይኝ። «አንቺ ቅደሚ፤ እኔ አለሁ» ነው ያለሽ አይደል? ቅደሚ አለሽ፤ ቀደምሽ። ዞር ብለሽ አየሽው። ሮጠሽ ጠራሽን። ከሁላችን ዞር ብለሽ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ አልተውሽውም። ስትሄጂ ዳቦ ቅመሺ፤ ይህን የምልሽ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ቢኖር የሚልሽ ነው።

«የሞተ ተጎዳ» ይባላል። ውሸት ነው። የተጎዳነው እኛ ነን። ሚስቱ ናት። ልጆቹ ናቸው። እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ነገ ዳገት ሲያዩ ኋላቸውን የሚፈሩት። መጋቢያችን ይቅር ይበሉኝ፤ «ጌታ ወሰደው» ሲሉኝ አንጀቴ ይቃጠላል። ምን ቸገረው? በሰማይ ዳገት አለ? በሰማይ ጫማው የጠበበው ልጅ አለ? እሱ እዚህ አይደል የሚያስፈልገው! አልገባኝም። አልገባኝም ነው የምላችሁ፤ የሚገባኝም አይመስለኝም።

እንግዲህ ሰዓቱ ደርሷል። እህቴ፣ እያየሽኝ ነው። እንድጣራ ነው የምትጠብቂው።

አልችልም። እሺ ያልኩሽን አልችልም፤ ይቅር በይኝ። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳን ያንን ቃል በውሸት አልተጣራም። ሰው ትቶ «ማንም አልቀረም» ብሎ አያውቅም። እኔ በራሱ መቃብር ላይ ልዋሽበት?

እናንተ ቅደሙ። ሽማግሌዎች በዚህ በኩል፤ ያ ድንጋይ ያዳልጣል። ልጆች፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንተ ልጄ፣ እናትህን ያዝ፤ እህትህንም። ማንም አይጣደፍ። ዛሬ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። እንደ እሱ እዞራለሁ። ከአበባውም ኋላ፣ ከድንጋዩም ኋላ አያለሁ። የግቢው በር ላይ ስትደርሱ ድምፄን ትሰማላችሁ፤ የለመዳችሁት ቃል ባይሆንም እንዳትደነግጡ።

ደህና ሁን ወንድሜ። ድስት እንደ ቆብ ደፍተህ የሳቅክ፣ ደህና ሁን። በደህና ጉልበትህ ያነከስክልን፣ ደህና ሁን። ስረሳ የመጣህልኝ፣ ደህና ሁን። እኔ ልመለስልህ አልችልም። የሚችል አለ እያልክ ስታስተምር ኖረሃል። ዛሬ ማመኑ ከብዶኛል፤ አንተ ግን አምነሃልና በአንተ እምነት እጣራለሁ።

ጌታ ሆይ! እዚህ አንድ ሰው ቀርቷል! መኪናውን አዙር!