ብርድ ልብሱን እንዳትቀሰቅሱት

እማዬ፣ መስኮቱን ልዝጋልሽ? የተራራ ንፋስ ክፉ ነው፣ በሰሜን በኩል ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። እዪው እስቲ ደመናውን፣ ከእግራችን ሥር ተኝቷል! መንገዱስ፣ እንደ መቀነት ተራራውን ዞሮት... ያን የገደል ግንብ የካቡትን እጃቸውን ይባርከው። እኔ ግንበኛ ስለሆንኩ ነው ግንብ ግንቡን የማየው እንጂ ሰው ሁሉ የሚያየው ተራራውን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ራሱን ያያል... በስልክ።

ሾፌራችንንስ ልብ ብለሽልኛል? አነዳዱ ሲጣፍጥ! ታናሽ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም የማመሰግነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? ይኸው እሱ በመኪና ሄደ፣ እንቁላሎቹ በእግራችን ተከተልነው።

ጠዋት፣ ያ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያይበት ከፍታ ላይ፣ «ልጄ፣ እዚህ ደርሼማ ሳልጸልይ አልሄድም» ብለሽ ክንድሽን ይዤ ከቋጥኙ ጀርባ አልወሰድኩሽም? «አባታችን ሆይ» ብለን «አሜን» ሳንደርስ መኪናዋ የለችም! ምን ያድርግ፣ ደመናው ሳይሸፍነው ቀጣዩን ተራራ በስልኩ ማንሳት ነበረበት። ደመና እንደ እናት ቆሞ አይጠብቅ...

ሚስቱ ናት በስልኩ ቀርጾ የለጠፈውን ቪዲዮ ምሳ ላይ ያሳየችኝ። ሳቋ እያመለጣት፣ እግዜር ይስጣት። ምን ይላል መሰለሽ? «ዛሬ እናቴን ተራራ ላሳያት ይዣት ወጥቻለሁ። ይኸው ደክሟት ከኋላ ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሷት።» ከዚያ ስልኩ ወደ ኋላ ዞር... ማን አለ? ብርድ ልብስሽ! ትራሱን አቅፎ ለጥ ብሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሙዚቃውን ቀንሶ! ለብርድ ልብስ ሙዚቃ የሚቀንስ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል እማዬ? ያየው ሰው ሁሉ «የእናትህ ምርቃት ይድረስህ» እያለ ጽፎለታል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች... ስልክ ሳይመጣ ነው።

ተመልሶ ሲያገኘንስ ተቆጣ? ኧረ በፍጹም! «ስትወርዱ አትነግሩኝም?» ብቻ ነው ያለው። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው። አንቺም አቧራሽን አራግፈሽ ሳቅሽ፤ እናት አይደለሽ...

እንግዲህ ማታ ስንገባ ከማንኛችን ጋር እንደምትኖሪ ትነግሪናለሽ። እኔ አፌን አላስገባም። የእሱ ቤት ፎቅ ነው፤ የላይኛው ክፍል ተቀብቶ፣ መጋረጃ ተሰቅሎ ይጠብቅሻል። ሌሊት ብታስይ ታች ያለ ሰው አይሰማም፣ ማንንም አትረብሺም። የእኔዋ አንድ ክፍል ናት፤ ገና ስትገላበጪ እነቃለሁ። ምኑ ደስ ይላል? ቀና ስትዪ ፊቴ፣ ዞር ስትዪ ፊቴ... ሰው እኮ ነፃነት ይፈልጋል። ደግሞስ እንደ እኔ ያለው ያልተማረ፣ ውሃ ጠጣሽ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ እያለ ከመነዝነዝ ሌላ ምን ያውቃል?

ብቻ ወደ እኔ ከመጣሽ... ከመጣሽ ነው ያልኩት... ብርድ ልብሱን ለእሱ እንተውለት። ተላምደዋል።

ምነው መኪናዋ እንዲህ ፈጠነች? ቁልቁለቱ ነው መሰለኝ። አይዞሽ፣ እጄን ያዢ። አሁን እንኳ ሁላችንም ውስጥ ነን።

በይ እንመርቀው፣ ቀኑን ሙሉ ለእኛ ሲደክም የዋለ ልጅ ነው። ጌታ ሆይ፣ ዕድሜውን አርዝምለት። ሽበት አልብሰው፣ ምርኩዝ አስይዘው። ልጆቹን አሳድግለት፤ አንድም ሳይቀር አባታቸውን ይምሰሉ። ከዚህች የሰፋች መኪና ይግዙ፣ እሱንም ይህችኑ ተራራ ያውጡት፤ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ሙዚቃ ቀንሰው። ዛሬ እሱ ለእናቱ እንዳሰበላት፣ ያኔ እነሱም ምንም ሳያጓድሉ እንዲያው ያስቡለት።

አሜን በይ እንጂ እማዬ።