ልጄ በቀትር ለገ ኦዳ ያወጣኝ ጊዜ

በእኛ ጊዜ የለገ ኦዳን ዋሻ ለማየት ብሎ መኪና የሚያስነሳ ሰው አልነበረም። ፍየል የጠፋበት ይሄዳል፣ ፍየሉን ካገኘ ይመለሳል፣ ድንጋዩ ላይ የተሳሉትን ላሞች ዞር ብሎም አያይም። አሁን ግን የዕረፍት ቀን ሲሆን ሄደው ፎቶ ይነሱበታል። እኔንም የወሰደኝ ልጄ ዮናስ ነው፣ እና ደግሞ ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ስሙኝማ።

ዮናስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ታውቁታላችሁ። ከሚስቱ ከሄለን ጋር መጣ፣ መጣና ገና ሻንጣውን ሳያወርድ፣ "አባባ፣ እማማ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ነህ፣ እግርህም ደክሟል፣ ቤቱን አከራይተን ከእኛ ጋር ትሄዳለህ" አለኝ።

"እግሬ መድከሙን ማን ነገረህ?"

"አየሁህ፣ ደረጃ ስትወጣ ብረቱን ትይዛለህ።"

ታዲያ ብረቱ ለምን ተሠራ? እንዲያዝ አይደለም? እኔ ድሬዳዋን፣ ከዚራን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ? ባቡር ስጠግን ያረጀሁበት ሰፈር ነው፣ ሚስቴም የተቀበረችው እዚሁ ነው። ሆድ ባሰኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን ሆድ ቢብስ ለልጅ አይታይም፣ እና "በል እንወራረድ" አልኩት። "ለገ ኦዳ እንሂድ። ሥዕሉ ድረስ ያለ ደጋፊ ወጥቼ ከወረድኩ ድሬ እቀራለሁ። ከተደገፍኩ ግን ቤቱን አከራይ፣ እከተልሃለሁ።" እሺ አለ። ሄለን ዳኛ ሆነች።

ታዲያ መቼ እንውጣ ተባለ። ዮናስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጠዋት ቀፊራ ገበያ እንዙር፣ ምሳ በልተን እንወጣለን" አይል መሰላችሁ። ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ አድጎ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ያገሩን ፀሐይ አስረሳው። በስድስት ሰዓት እኮ ድሬ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት ያለው ፍራሹ ላይ፣ ጫት የሌለው አልጋው ላይ ጋደም ይላል፣ መንገድ ላይ የሚታየው እንግዳ ብቻ ነው። እኔ መንገር ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን "አንተ ካልክ ምን ይደረጋል" አልኩት። እሱ ገበያ ሲዞር አረፈደ፣ እኔ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳው ጥላ ስር ተኝቼ አረፈድኩ።

ሾፌሩ ጎረቤታችን አብዲ ነው። ሰዓቱን ሲሰማ ቁልፉን አስቀምጦ ቁጭ አለ። "ዋሪያ ዮናስ፣ አሁን? ዋላሂ፣ በዚህ ሰዓት ግመልም ጥላ ትፈልጋለች። በርጫዬስ?"

"ጫትህን እዚያ ስንደርስ ትቅማለህ" አለው ዮናስ።

"እዚያ ስንደርስ" አለ አብዲ፣ እና ሁርሶን እስክናልፍ "እዚያ ስንደርስ፣ እዚያ ስንደርስ" እያለ ሲያጉረመርም ሄደ።

ደረስን። የቦታው ጠባቂ ግራር ስር ተጋድሟል፣ በዕድሜ እኩያዬ ነው። አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ፣ "ጃርሳ፣ ሽማግሌው፣ ምን ነካችሁ በዚህ ፀሐይ? የሚመክራችሁ ልጅ የለም?" አለኝ። "ልጄማ ይኸው፣ እሱ ነው ያመጣኝ" አልኩና በጣቴ አሳየሁት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ተነስቶ መራን። አብዲ መኪናው ጥላ ውስጥ ፍራሹን አነጠፈ።

ሽቅብ ጀመርን። ዮናስ ጉልበት አለው፣ ፈጠን ፈጠን አለ። እኔ ትንሽ እሄድና አረፍ፣ ትንሽ እሄድና አረፍ።

"አባባ፣ እጄን ልስጥህ?" ይላል ከላይ።

"ዳኛዋ እያየች ነው፣ እጅህን ለራስህ ያዝ" እላለሁ ከታች።

እና ወጣን። ላሞቹ አሉ፣ ቀያይ፣ ቀንዳቸው ረጃጅም፣ አጠገባቸው ቀጫጭን ሰዎች ቆመዋል። ማን እንደሳላቸው፣ መቼ እንደሳላቸው እንጃ። ቆሜ አየሁ አየሁና "ይሄን የሳለው ሰውዬ ከቤቱ ጠዋት ነው የወጣው" አልኩ። ሄለን ሳቀች። ዮናስ አልሳቀም። ዞር ስል ፊቱ እንደ ላሞቹ ቀልቷል። "ዓይኔ ጨለመብኝ" አለና ድንጋዩ ስር ቁጭ። ያኔ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ፣ ደነገጥኩ፣ ልጄ ነዋ። ጠባቂው ውሃ አናቱ ላይ አፈሰሰለት፣ ሄለን በባርኔጣዋ አራገበችለት፣ ጥላው ስር አስተኛነውና ፀሐዩ እስኪበርድ ጠበቅን።

ልንወርድ ስንነሳ እግሩ ተብረከረከ። "ና፣ ትከሻዬን ያዝ" አልኩት።

"ግድ የለም፣ አብዲን ጥሩልኝ።"

"አብዲ በርጫ ላይ ነው።"

ምን ያድርግ፣ ያዘኝ። እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመ፣ እኔም ወገቡን ያዝኩ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያልን ወረድን። መኪናው ጋ ስንደርስ ሄለን "ዳኛ ነኝ፣ ተደግፎ የወረደው ዮናስ ነው" ብላ ፈረደች። "ታዲያ" አልኩት፣ "የተደገፈ ደጋፊውን ይከተላል ነው ውላችን። በል ድሬ ቤት ፈልግ።" አብዲ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በኋላ ዮናስም ሳቀ፣ "እሺ አባባ፣ ረታኸኝ፣ እኛው እንመላለሳለን" አለ። ቃሉን ጠበቀ። ሲሄዱ ቤቱ ጭር አለብኝ፣ መርታቴ ለዚያ መድኃኒት አልሆነም፣ ግን ቤቱ የራሴ ነው።

ምን አልሽ ፋጡማ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጥሽው?

"አይ፣ እኔማ ጋሽ ታደሰ፣ ያንን የሚያህል ሰውዬ ደግፈህ ስትወርድ ጉልበትህ አልከዳህም ወይ ነው የምለው።"

ጉልበቴማ ገና ላሞቹ ጋ ሳልደርስ ነው የከዳኝ። ወገቡን ግጥም አድርጌ ባልይዝ ኖሮ ተንከባልዬ አብዲ ፍራሽ ላይ ነበር የማርፈው። እሱ እኔን የተደገፈ ይመስለዋል፣ እኔ እሱ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የወረድኩት።

"ዳኛዋስ አላየችህም?"

አይታኛለች እንጂ። ሲሄዱ ልትስመኝ ጎንበስ አለችና ጆሮዬ ላይ፣ "አባባ፣ ሌላ ጊዜ ሲወራረዱ ሜዳ ቦታ ይምረጡ" አለችኝ።