የአቶ ሚደቅሳ ጋቢና የሌንሳ እጆች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት የሚተዋወቀው ደረጃ ላይ ነው። እኔም በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ተከራይቼ በገባሁ በወሩ፣ ውሃ በጠፋበት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከግቢው ቧንቧ የቀዳሁትን ጀሪካን እያለከለክሁ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ሁለተኛው ላይ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀኝ።

ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመዋል። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ጋቢያቸው ላይ ተጠምጥማ ትጮኻለች። እናቷ ደግሞ ከኋላ ወገቧን ይዛ ወደ ቤት ትጎትታለች።

«ኧረ ቀስ! ትሰብሪያታለሽ!» አልኩ፤ ዝም ማለት መቼ አውቅበትና።

«ይቅርታ እትዬ» አለች እናትየው በሐፍረት። «አባባ ለቤተ ክርስቲያን ጋቢ በለበሱ ቁጥር እንዲህ ናት። ሌላ ቦታ ሲሄዱ ምንም አትል።»

«ፍቅር ነው» አሉ ሽማግሌው የልጅቷን ራስ እየደባበሱ። «አያቷ ፀሐይቱ ካረፈች ወዲህ የሙጥኝ ያለችው እኔን ነው።»

ክንዴ ሲዝል ጀሪካኑን ዷ አድርጌ አስቀመጥኩት። እናትና አያት ክው አሉ፤ ጀርባዋን የሰጠችኝ ልጅ ግን ዞር እንኳ አላለችም። ወዲያው ገባኝ።

«ልጅቷ አትሰማም አይደል?»

«ቀስ በይ እባክሽ፣ ሰው ይሰማል» አለች እናትየው።

«ይስማ! የእኔም በሱፍቃድ አይሰማም። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ይገባል። እኔን የባንክ ሠራተኛዋን እናቱን በሒሳብ ያርመኛል።»

የሴትየዋ እጅ ከልጇ ወገብ ላይ ላላ። «ይማራል?» አለችኝ። «እኔ እዚህ ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት ወስጃት፣ እንደሷ ያሉትን አንቀበልም ብለው መለሱኝ። ሁሉም እንደዚያው መስሎኝ ቁጭ አልኩ።»

«እኔንስ ስንት በር መልሶኛል! ከሜክሲኮ ወዲያ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸው ክፍል አለው። ምዝገባው ግን ዓርብ ያበቃል።»

ይህን ስል ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተከሉት። «ግቢ ልጄ» አሉኝ። «ይኼ ደረጃ ላይ የሚወራ አይደለም።»

ገባን። አቶ ሚደቅሳ ይባላሉ። ምራታቸው ቢፍቱ፣ የልጅ ልጃቸው ሌንሳ ናት። የሌንሳ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ የቤቱ ቃል የሽማግሌው ነው። ጋቢያቸውን አውልቀው ሲሰቅሉት የሌንሳ ልቅሶ ወዲያው አቆመ። እኔም እንደ እነሱ ፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት።

«እዚያ በእጅ ነው አሉ የሚያስተምሩት» ብለው ጀመሩ አቶ ሚደቅሳ። «እጇ ከለመደማ አፏን ምን ያደርግላታል? ታላቅ ወንድሜ እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም ነበር። ኋላ ጠበቃ ሆኖ ዳኛ አሰለቸ። የእሷም ምላስ ይፈታል፤ ጸበልም እያስጠመቅኋት ነው።»

«ያስጠምቋት አባባ፣ ማን ከለከለዎት? እኔም የራሴን አስጠምቃለሁ። ጸበሉን ከትምህርቱ ምን አጣላው? ወንድምዎ ግን ይሰሙ ነበር። ሌንሳ ቃል የሚባል ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም፣ ከየት አምጥታ ትናገር?»

«ብቻ የእጁ ነገር አይዋጥልኝም። ታክሲ ውስጥ ሰው እያፈጠጠባት...»

ጉሮሯቸው ደረቀ መሰለኝ፣ ወደ ሌንሳ ዞረው አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው አዘነበሉ። ልጅቷ ብድግ ብላ ውሃ አመጣች።

«ያዝኩዎት!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። «አሁን በምን አነጋገሯት?»

ብርጭቆውን እንደያዙ እጃቸውን አዩት። «ይኼማ የቤት ነው» አሉ።

«የቤቱን ነው እነሱ የሚያሰፉላት። ለውሃ ምልክት አላችሁ፣ ለእንጀራም ይኖራችኋል። ነገን በምን ይነግሯታል? ለምን ብላ መጠየቅ ብትፈልግ በምን ትጠይቅዎት?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱልኝ። «ፀሐይቱ ይቺን ልጅ አደራ ብላኛለች። ተሳስቼ አፏን ብዘጋውስ? ምን እመልስላታለሁ?»

ሽማግሌው ግትር መስለውኝ ነበር፤ ፈርተው ኖሯል። እኔም ነገሬን አለዘብኩ። «አደራው የአፏ ነው ወይስ የሌንሳ፣ አባባ?»

ያኔ እስካሁን አንገቷን ደፍታ የነበረችው ቢፍቱ ቀና አለች። «አባባ፣ ልጄ ስታለቅስ ሆዷን ይመማት ራሷን አላውቅም። እናቷ ሆኜ እንኳ አላውቅም! ይፍቀዱልኝ።»

አቶ ሚደቅሳ ምራታቸውን አዩና ተነፈሱ። «እስከ ፋሲካ» አሉ። «ካልጠቀማት አስወጣታለሁ። የማመላልሳትም እኔ ነኝ።»

ሰኞ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ከቢፍቱ ጋር ወጣን። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ለጆሮ ምርመራ፣ ከዚያ ውጤቱን ይዘን ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ስንደርስ መዝጋቢው ክፍሉ ሞልቷል አለን። ቢፍቱ ልትመለስ ስትል ክንዷን ይዤ ርእሰ መምህሯ በር ላይ ቁጭ አደረግኋት። እዚያው በር ላይ ስንመላለስ ሰንብተን ዓርብ ከሰዓት ሌንሳ ተመዘገበች። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከዚህ በፊት መንገዱን የሄደ ሰው ፈልጉና አስከትሉ። ለእኔም አንዲት እናት እንዲሁ አድርጋልኛለች፤ ዛሬም ስሟን ሳነሳ አመሰግናታለሁ።

አቶ ሚደቅሳ እያመላለሱ ሰነበቱ። ውለው አድረው ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች የሚሰጠው የምልክት ቋንቋ ትምህርት ላይ ከቢፍቱ ጎን ተቀመጡ። «ጣቶቼ ደርቀዋል» እያሉ ሲነጫነጩ ሌንሳ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፈች ታርማቸው ነበር።

የሆሳዕና ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አቶ ሚደቅሳ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። «ነይልኝ ልጄ፤ ዛሬስ አልጮኸችም፤ በእጇ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ፈጠነችብኝ።»

ወረድኩ። ሌንሳ በሩ ላይ ቆማ ደገመችው። ገባኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ አቶ ሚደቅሳ።

«'አያቴ ነጭ ለብሳ በዚህ በር ወጣች፣ ቀረች። አንተም ልትቀር ነው?' ነው የምትለው አባባ።»

እትዬ ፀሐይቱ ቅዳሴ ላይ ታመው፣ ከዚያው ሆስፒታል ገብተው ነበር ያረፉት። እንደ ልማዳችን ልጅ ለቅሶ አይይ ተብሎ ሌንሳን ዘመድ ቤት ሰደዷት። የሚሰማ ልጅ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ይረዳል። ለሌንሳ ግን ማን ይንገራት? እኛ ፍቅር ያልነው ፍርሃት ነበር ለካ።

አቶ ሚደቅሳ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «'ሞተች' በእጅ እንዴት ነው የሚባለው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። በእጆቻቸው ነገሯት። ሌንሳ «አትመጣም?» አለች። «አትመጣም» አሉ። ልጅቷ ደረታቸው ላይ ወደቀች፤ ለአያቷ ገና ያን ቀን አለቀሰች፤ እሳቸውም አብረዋት አለቀሱ።

ኋላ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እጄን ያዙ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። እሑድ በመጣ ቁጥር ሳስፈራራት ኖሬያለሁ፤ አላወቅሁም።»

ዛሬ የብሎካችን ሰባኪ እሳቸው ሆነዋል። የማይሰማ የልጅ ልጃቸውን ከቤት የማያወጡትን ጎረቤታችንን አቶ ወልደአማኑኤልን ደረጃ ላይ ይዘው ሲመክሩ እኔን እንኳ በወሬው አያስገቡኝም። «የኔዋ ሲያማት የት እንደሆነ ትናገራለች፤ ትጽፋለች፤ ጓደኛ አላት፤ እናቷም እፎይ ብላ ሥራ ገባች። ልጁን አውጡት እባክዎ! መንገዱን ካላወቁት እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» ይላሉ።

«እስከ ፋሲካ» ያሉትን ቀጠሮ ያነሳባቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት የዳግማ ትንሣኤ ዕለት አቶ ሚደቅሳ ጋቢያቸውን ለበሱና በሌንሳ ፊት ቆመው፣ በደረቁት ጣቶቻቸው፣ ቀስ ብለው፣ «ሄጄ እመጣለሁ» አሏት። ሌንሳ ከዘራቸውን አቀበለቻቸውና በሩን ራሷ ዘጋችው።