ቀዩ መስመርና የወይዘሮ አርጅያ ሁለት ልጆች

ጠጋ ጠጋ በሉልኝ ልጆቼ፤ እዚህ ፊታችን ያረፉት የወይዘሮ አርጅያ ዛውሊ ዕድሜ እንዲህ ነበር።

ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ሴኮንዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔሪና፣ እዚሁ ራቬና፣ ጉሙ የደወሉን ቤት እስከ ወገቡ በዋጠበት የኅዳር ማለዳ ተወለዱ። እናታቸው አቅፈዋቸው አሮጌው ጸሎት ቤት ይውሉ ስለነበር፣ ከሰው ፊት ቀድመው የለመዱት ያንን በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር የተለበጠ ሰማያዊ ጣሪያና የወርቅ ከዋክብቱን ነው፤ አፋቸውንም የፈቱት “ኮከብ” ብለው ነው ይባላል፣ እናታቸውን ቅር ቢላቸውም።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ያንኑ ጣሪያ ከሚጠግኑት ጋር ገቡ። የመጀመሪያዋን ኮከብ፣ ጠጠሯን እንደ ጠረጴዛ ለጥ አድርገው ቢደረድሯት ጨለመችባቸው። አለቃቸው አቶ ኦሊንዶ ቀና ብለው፣ “አስተኛሻት እኮ! ዘንበል ዘንበል አድርጊያት፣ ብርሃን እንድትይዝ” አሏቸው። አፍርሰው ቢሠሯት በራች። በእኛ አገር ግን አዲሱ ከጥንቱ እንዲለይ ጥገናው በቀይ ጠጠር መስመር ይከበባልና፣ “እንዲህ አምራ ምን ያሰምሩባታል?” ብለው ቢያኮርፉ፣ “ሙታንን አንዋሽም፣ እመቤቴ” አሉ ኦሊንዶ። ተሰመረ፤ በዓመቱም ተጋቡ።

ከዚያ ሥራ ወደ ሰሜን ወስዷቸው ሰነባበቱና ሁለት ሕፃናት ታቅፈው ተመለሱ፤ አንዱ ከማኅፀናቸው የወጣ፣ አንዱ የፖ ወንዝ ሞልቶ መንደሮቹን ሲውጥ ወላጆቹን ያጣ። ገበያ ላይ ሴቶቹ፣ “የትኛው ነው የራስሽ?” ሲሏቸው፣ “የፒያዲና ቂጣዬን የጨረሰብኝ” ይሉ ነበር። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ሁለቱም ሆዳሞች ነበሩ።

አቶ ኦሊንዶ ካረፉ በኋላ የወይዘሮ አርጅያ ዓይን እየደከመ ሄደ፤ በመጨረሻው ክረምት አልጋ ላይ ሆነው የመኝታ ቤታቸው ነጭ ጣሪያ ከዋክብት እንዳወጣ ይነግሩን ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳቸው። እውነቱን የሚያውቁት የባላቸው ወንድም አቶ ኢቮ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሞት ማስታወቂያ አንደኛውን “የማደጎ ልጅ” ይበል ብለው ተነሡ፤ “ሙታንን አንዋሽም ያለው የገዛ ወንድሜ አይደል?” እያሉ። ወይዘሮ አርጅያም ልጃቸው በቀብራቸው ቀን ከዳር እንዳይቆም ፈርተው፣ የአቶ ኢቮን እጅ ይዘው እንዲህ አሏቸው፦ “አንተ ኢቮ፣ ቀዩ መስመር እኮ የእኔን እጅ ከሌላ ሰው እጅ ለመለየት ነው። እነዚህን ሁለቱንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ከማን ልትለይልኝ ነው?”

ዛሬ በከተማው ግድግዳ ያነበባችሁትን፣ ሁለቱንም “ልጆች” ብቻ የሚለውን ማስታወቂያ ሙጫውን ቀብተው የለጠፉት አቶ ኢቮ ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ አርጅያ ትናንት ጉሙ ሲገፈፍ አረፉ። ትተዋቸው የሄዱት ልጆቻቸው ቱሊዮና ዴልፊና ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን በምትይዝበት በኩል ዘንበል አድርጎ ከሰማዩ ያኑርልን።