ሰዓት ሠሪው ጋ ወደ ግራ

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... ድምፅዎ ይቆራረጣል... ማን?... ኮምፓስ? የኛው ኮምፓስ?... አንተ ሰውዬ፣ አለህ እንዴ...

— ቆይ አንዴ... ቴሌቪዥኑን ቀንስልኝ እስቲ። ኮምፓስ ነው፣ ካርታ ቢሮ አብሮኝ የሠራው... አዎ፣ ያ ከተማውን በእግሩ የጨረሰው... ባለቤቴ ነው፣ ሰላም ይልሃል።

— እኔማ ደህና ነኝ። ልጆች እንዴት ናቸው?... ተመስገን... አሁንም ከባድ መኪና ላይ ነህ?... ዳር ይዘህ ካቆምክ ጥሩ፤ እየነዳህ እንዳታወራኝ።

— አዎ፣ እውነት ነው። ዛሬ ጠዋት ተፈረደ... ካምፓኒው ላይ፣ አዎ... በሬዲዮ ሰማህ?... ኧረ ቀስ በል፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

— ያ ጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ የነበረው ቢሮአችን ትዝ ይልሃል?... ልብሳችን ሁሉ ጎማ ጎማ ሲሸት። አንተ አቧራህን በር ላይ እያራገፍክ ትገባና፣ «ይቺን መታጠፊያ ሰዎቹ እንዝርት ነው የሚሏት» ትላለህ። ጋሼ ደግሞ አለቃ መሆናቸውን ረስተው፣ ወርቅ እንዳመጣህላቸው ተቀብለው ካርታው ላይ ያስቀምጧታል። እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ለካርታው መንገድ መምሪያ ድምፅ ስቀዳ... አትሳቅ፣ በላብ ተጠምቄ ነበር እኮ የምወጣው። ያ ድምፅ ነው እንግዲህ የስንቱ ሾፌር ስልክ ውስጥ የገባው። ደግ ዘመን ነበር፣ ኮምፓስ። ድካሙ ራሱ ይጣፍጥ ነበር።

— ማን አሰበው። ያ ትልቁ የካርታ ካምፓኒ ሲገዛን ጋሼ ምን ነበር ያሉት? «ሥራችን አድጎ ዓለም ሊያይ ነው።» በወሩ ዘጉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ድሩን ለራሱ ለአንበሳው ሸጥንለት።

— አንተ ከሄድክ በኋላማ ባሰ። ሌላ ካርታ የለ፣ ያሻቸውን አደረጉ። የከፈለ ሱቅ ይታያል፣ ያልከፈለ ይጠፋል። ያ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት፣ በሩ ክፍት፣ ዳቦው ትኩስ፣ ካርታው ላይ ግን ባዶ መሬት ነው። በመጨረሻ ባለ ሱቆቹና ሾፌሮቹ አንድ ላይ ሆነው ከሰሱ። እኔንም ምስክር ሁኚልን አሉኝ።

— ፈራሁ እንጂ፣ ለምን እዋሽሃለሁ። ቢሮው ሲሸጥ «ስለ ሥራው አናወራም» ብለን ፈርመን የለ? የካምፓኒው ጠበቃ ራሱ ደወለልኝ። ትሕትናው ለጉድ ነው። «እህቴ፣ ላንቺው ብዬ ነው፤ ቤትሽን እንዳታጪ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያንን የፈረምኩትን ወረቀት ደጋግሜ ሳነብ ከረምኩ።... ባለቤቴ? እሱማ፣ «ለስንቱ መንገድ ስታሳዪ ኖረሽ አሁን ለራስሽ ጠፋብሽ?» አለኝ... እዚሁ ነው፣ እየሰማ ይስቃል።

— ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... እሺ።

— ችሎት ገባሁልህ። ጠበቃው ተነሣና፣ «ያ ካርታ የሞተ ነገር ነበር፤ የሚጠቀምበትም ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም እኛ ነን ከሞት ያነሣነው» አለ። ያንን ሁሉ የአንተን የእግር ድካም የሞተ ነገር ሲለው፣ እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት... እሺ፣ እሺ፣ አትሳደብ።

— ከዚያ የሾፌሮቹ ጠበቃ የድሮ ቅጂያችንን ይዛ መጣች። እትዬ ናቸው የሰጧት፤ ጋሼ ካረፉም በኋላ የባላቸው ኮምፒውተር እስካሁን ቤታቸው ነበር። ከፈተችው። እኔ ነኝ፣ በዚያ በልጅነት ድምፄ። «ሰዓት ሠሪው ጋ ሲደርሱ...» ከማለቴ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ሾፌር «ወደ ግራ» አለ።

— እውነቴን ነው። አምልጦት ነው መሰለኝ፣ ደንግጦ አፉን ያዘ። ቀጠለ ቅጂው፤ «ድልድዩን እንዳለፉ...» ሲል የኋላው ወንበር በሙሉ «ዳገቱን ይያዙ»። ሸበቶው፣ ጎልማሳው፣ ሁሉም። እንደ ትምህርት ቤት ልጆች በቃላቸው ያውቁታል። ዳኛዋ ዝም በሉ ሊሉ መዶሻቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ጠበቃው ወረቀቱን ያገላብጣል... የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም ያለው ሰውዬ።

— ቆይ፣ ገና ነው... ቅጂው አልቆመም። የኔ ድምፅ አለቀና... ጋሼ መጡ።

— አዎ። ያኔ መቅጃውን ሳያጠፉት ቀርተው ነው። ሳላቸውን ሳሉና፣ በዚያ በለዘበ ድምፃቸው፣ «ጎሽ። አሁን ደግሞ ቀስ አድርገሽ በይው። ሰውየው መንገድ ጠፍቶበታል፣ አትቆጪው።»

— ... ሄሎ?... አለህ?

— ግድ የለም፣ አልቅስ። እኔም እዚያው ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት። እትዬማ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። የችሎቱ ሠራተኛ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ዳኛዋ፣ «ተወው፣ ይጨርሱ» አሉት። ይጨርሱ አሉ፣ ኮምፓስ። በሕይወት እንዳለ ሰው።

— ዛሬ ተነበበ። ግዢው ተፎካካሪን ለመግደል ነው ተባለ። ካርታው ለሾፌሮቹና ለባለ ሱቆቹ ማኅበር ይሰጥ፣ ያልከፈለን መደበቅም ይቁም... ይግባኝ ይላሉ፣ አይቀርም። ጠበቃው በር ላይ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት፣ ምን አደርጋለሁ።

— ያ ቢሮማ አይመለስም። ጎማ ቤቱም ፈርሷል፤ ባለፈው በዚያ አልፌ አጥሩን ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ድምፄም ሻክሯል... ሾፌሮቹ እንደገና ቅጂልን እያሉኝ ነው፣ እሺ ብያለሁ። ሻካራም ቢሆን አልቆጣቸውም።

— አንተስ?... ጉልበትህን አሞህ? ቀስ እያልክ ነዋ፣ ማን ያስቸኩልሃል። ቅዳሜ ጠዋት ና። ከወንዙ ማዶ አዲስ ሰፈር ወጥቷል፤ ካምፓኒው ቁጥር ብቻ ሰጥቶታል... ሰዎቹማ የሆነ ነገር ይሉታል መቼም፣ ስም የሌለው ሰፈር የት አለ... እኔ ምኑን አውቄ? ሄደህ ጠይቃቸዋ።

— እሺ... እሺ። በል ደህና ግባ... ቻው፣ ቻው።