የኋላው በር ቁልፍ

ከመካኒሳ አቦ ወደ ፉሪ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት እናት ከልጇ መምህር ጎን ተቀመጠች።

«የቤቲ እናት፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ከወላጆች ጋር አድርገናል የሚለውን ወረቀት ያልፈረሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«መቼ ተለማመድን፣ መምህር?»

«ያው ለሪፖርት ያህል ነው።»

«እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

«በኋላው በር።»

«ቁልፉስ?»

«ዘበኛው ጋ ነው።»

«ዘበኛው ምሳ ሊበላ ቢወጣስ?»

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል!»

«እሱማ ይጠብቃል። ቁልፍ ያዥ ግን አታድርጉት!»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሰኞ ወላጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ደወሉን ደውሉና ልጆቹ ሲወጡ በዓይናችን እንይ።»

«ርዕሰ መምህሩ እሺ ባይሉስ?»

«እኔም አልፈርምማ!»

ክፍለ ሀገር ለእናቴ ትቻት የመጣሁት ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ስንት በር እንዳለው ማስታወስ አቃተኝ።