የተመለሰው ወንበር

የሰማ ያሰማ፤ በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንበር ተመለሰ።

ነገሩ ይኸው ነው። መንግሥት አልተገለበጠም፣ ወንዝ አልሞላም። ከጉልበት በታች የሆነች፣ ቀይ ቀለም የተቀባች የልጅ ወንበር ከአንድ ቤት ወጥታ ወደ ሠራት ሰው ተመለሰች። የሠራት ሰው ግን ባለወንበሩ ነበርና፣ ለእሱ መንግሥት ቢገለበጥ ይሻለው ነበር።

ባለወንበሩ ማለት ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ በዚያ ቤት ደግሞ አንድ ሥርዓት አለ። ወንበር ባለቀ ቁጥር መጋዙም መዶሻውም ዝም ይላል። ሠራተኞቹ ሰጋቱራቸውን አራግፈው ይሰለፋሉ። እሱ አዲሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ወንበር ማለት ምን እንደሆነ ያስረዳቸዋል። ሲጨርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ “እጅዎ ይባረክ” ይላሉ። ወንበሩን ማንም ይሥራው ማን፣ የሚባረከው እጅ የእሱ ነው። ሥርዓቱን የተቃወመ ሠራተኛ የለም፤ የተቃወሙት ሌላ ቤት ተቀጥረዋል።

ቀዩን ወንበር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ ነው የሠራው፤ ለሴት ልጁ ልጅ፣ ለልደቷ። ወንበሩ ስለማይችለው ንግግሩን የዚያን ቀን ቆሞ አደረገ። እጁም ተባረከ።

ልደቱ ላይ ደግሞ በእንግዶች ፊት ሊደግመው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ትንሿ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች፤ ሄዳ የአሻንጉሊቷ ካርቶን ላይ ቂጢጥ አለች። እንግዶቹ ሳቁ። ባለወንበሩ አልሳቀም። “አስተዳደግ የበደላት!” ብሎ ጀመረና ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ እስኪፈስ አላቆመም። ለሴት ልጁም ተረፋት፤ “አንቺንም ሰው ያደረግኩሽ በእነዚህ እጆች ነው!” አላት። ትንሿ እየተንሰቀሰቀች ከጠረጴዛ ሥር ገባች።

ሴት ልጁ በዚያ ሰኞ ወንበሩን ይዛ መጣች። “አባባ” አለችው፣ ሰጋቱራው ላይ አስቀምጣው፤ “ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። እወድሃለሁ። ግን ባለሙያ ዘንድ ቀርበህ መታከም እስክትጀምር ቤቴ አትምጣ።” ከዚያ አንድ ቃል ጨምራለት ሄደች፤ ቃሉን አላወቀውም፤ ስድብ መሆኑን ግን አልተጠራጠረም።

ባለወንበሩ ወንበሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ መንገድ ወጣ። ሰው የተበደለ ሲመስለው ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛው ግን ቀድሞ የፈረደለት እንዲሆን ይወዳል።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የእህቱን ልጅ አገኛት። ሥነ ልቦና ተምራ በቅርቡ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ የጀመረች ናት።

“ጋሼ! ወንበር ይዘው ወዴት ነው?”

“ዳኛ ፍለጋ።” ወንበሩን አስፋልቱ ዳር አስቀመጠላት። “ተምረሻል አይደል? ፍረጂ።”

ልጅቱ መደገፊያውን በሁለት ጣት ነካ አደረገችው። እጇን ቶሎ መለሰች። “ቆንጆ ነው ጋሼ” አለች፣ ዓይኗን ወደሚመጣው አውቶቡስ አድርጋ። “እጅዎ ይባረክ።”

“ታዲያ!” ደረቱ ተነፋ። “አውቶቡሱ ይሂድ፤ ሻይ ልጋብዝሽ።”

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ። የልደቱንም የሰኞውንም በራሱ አቆጣጠር ተረከላት፤ በራሱ አቆጣጠር ሲሰማ ጉዳዩ ንጹሕ ነበር።

“እና አንድ ስድብ ሰደበችኝ። ናርሲ… ናርሲ ምናምን።”

“ናርሲሲስት።”

“ለካ አንቺም ታውቂዋለሽ!”

“ስድብ አይደለም ጋሼ። ሰው ሲናደድ ለስድብ ስለሚያውለው ነው። ራስን መውደድማ እንደ ጨው ነው፤ ሁላችንም ያስፈልገናል። ናርሲሲዝም የሚባለው ሌላ ነው። ሰውየው ካልተደነቀ መቆም ያቅተዋል። ትንሿ ትችት እንደ ጥፊ ታመዋለች። ሌላው ሰው ምን እንደተሰማው ለማሰብ ቦታ ያጣል። ይህ ነገር ሥር ሰዶ ዓመታት ሲቆይና ሥራውንም ቤቱንም ሲያበላሽ ነው ሕመም የሚባለው። እሱንም ቢሆን በአግባቡ የመረመረ ባለሙያ ይበል እንጂ እኔ ሻይ ላይ፣ እሷም ንዴት ላይ የምንለጥፈው አይደለም።”

ባለወንበሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። “ገባኝ! ገባኝ! ይሄ እኮ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው በሽታ ነው! ምስኪን፤ እኔ ደግሞ ጥጋብ ይመስለኝ ነበር።”

“ጋሼ…”

“ጭንቅላቱን አይተሽዋል አነሳሱን? ዛሬውኑ ሄጄ እነግረዋለሁ። ይታከም።”

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ልጅቱ ግን ተረቱን ዋጠችው። ታላቅ ነው፣ አጎት ነው፣ የሻዩም ከፋይ ነው።

“ይህን እውቀት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው ለጎረቤቱ ነው” አለች በእርጋታ። “ለጎረቤት ደግሞ ልክ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም።”

 ባለወንበሩ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን አቆመ።

“ስሚ አንቺ ልጅ። ይሄ ኩራት ይባላል። አባቴም ኩሩ ነበር። ኩራት መርፌ አለው? እንክብል አለው?”

“ለእሱ ተብሎ የተሠራ እንክብል የለም። ጭንቀት ወይም ድባቴ ከተደረበበት ለዚያ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው።”

“ንግግርማ እኔ መቼ አጣሁ!”

“እሱስ አላጡም” አለች፣ ሳቋን ብርጭቆው ውስጥ ደብቃ። “እዚያ ግን የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን ሳይናገሩ የሚቀሩትንም የሚሰማ ሰው አለ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ትንሿ ከወንበሩ ስትነሳ፣ ከመቆጣትዎ በፊት፣ ያቺን ቅጽበት፣ ምን ተሰማዎት?”

“ተናደድኩ።”

“ከንዴቱ በፊት።”

ባለወንበሩ ማንኪያውን አንስቶ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

“አባቴ አናጢ ነበር” አለ በመጨረሻ። “ልጅ ሆኜ አንድ በርጩማ ሠራሁ። በደንበኞች ፊት በእግሩ ረገጠና ሰበረው። ‘ይሄ እጅ ለሸክም እንጂ ለሥራ አልተፈጠረም’ አለ። ሰዎቹ ሳቁ።” ማንኪያውን አስቀመጠ። “እና? ይሄ ከልደቱ ጋር ምን አገናኘው? እኔ እንጃ ለምን እንዳነሳሁት።”

ልጅቱ ለምን እንዳነሳው ገብቷታል፤ ግን የመምህር መድረክ ላይ ልትወጣ ስትል ወረደች። ይህ ከትምህርት ቤት የማይገኝ ችሎታ ነው፤ ብዙ ምሁር ሳያገኘው ጡረታ ይወጣል።

“ጋሼ፣ ነቀዝ የበላው እንጨት ላይ ቫርኒሽ ቢደርቡበት ያምራል?”

“ያምራል እንጂ። ካንቺ በላይ ያምራል።”

“እስከ መቼ?”

“ሰው እስኪቀመጥበት።” መልሱን ከተናገረ በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ ጠቆረ። “እሺ። ነቀዝ አለብኝ እንበል። እንበል ነው ያልኩት! ራሴ አስተካክለዋለሁ። እኔ ጠርቤ ያላቃናሁት እንጨት አለ?”

“የለም። ግን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የዚያኑ ወንበር እግር ጠርበው ያውቃሉ?”

 እጆቹ ጠረጴዛው ሥር ሳይታዘዙ መላጊያ እንደያዘ ሰው ተንቀሳቀሱ፤ ሞከሩት፤ አልሆነም።

“መነሳት ያስፈልጋል” አለ ቀስ ብሎ።

“ጎንበስ ብሎ ከውጭ የሚያይም ሰው ያስፈልጋል።”

በዚህ ጊዜ ሌላ ሻይ መጣ። ባለወንበሩ ሲሸነፍ እንኳ በክብር መሸነፍ የሚወድ ነውና፣ “እንግዲያው በከተማው ካሉት ሁሉ ትልቁን ሐኪም ፈልጊልኝ” አለ። “ትልልቅ ሰዎችን የሚያክመውን።”

“ትልቁን ሳይሆን የሚሆንዎትን ነው የምንፈልገው። መጀመሪያ ፈቃዱና ትምህርቱ ይጠየቃል። ከዚያ ያለ እፍረት ይጠይቁ፤ ‘እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሠርተው ያውቃሉ? እንዴት ነው የሚሠሩት?’ ይበሉ። ሰዓቱን ሙሉ የሚያሞግስዎትን ይተዉት። ሰዓቱን ሙሉ የሚቆጣዎትንም ይተዉት። የሚያከብርዎት ግን የማይፈራዎት ሲገኝ እሱን ይያዙ።”

“አንቺ ለምን አታክሚኝም?”

“ዘመድ ዘመዱን አያክምም። ደግሞ እኔ እፈራዎታለሁ።”

ይህን እንደ ቀልድ ወስዶ ከልቡ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ ቀድማ ግን አልሳቀችም።

“ሌላም አለ” አለች። “የሳምንት ሥራ አይደለም፤ ረጅም ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ የማይወዱትን ይናገራል። ያን ቀን ‘ይሄ ምን ያውቃል’ ብለው በር ዘግተው ሊወጡ ነው። በማግስቱ ነው ተመልሰው ‘ትናንት ያሉኝ አመመኝ’ ማለት ያለብዎት። ሕክምናው እዚያ ጋ ነው የሚጀምረው። ባለቤትዎ እትዬም ቢሆኑ የሚያወያያቸው ሰው ቢያገኙ ጥሩ ነው። ቁጣን ችሎ መኖር ለማንም መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። ልጅዎም በሯን የዘጋችው ጠልታዎት አይደለም፤ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ነግራዎት ነው የሄደችው።”

“ይሁን። ብታከም ምን አገኛለሁ? ሌላ ሰው እሆናለሁ?”

“እርስዎን ነው የሚሆኑት፤ ቀለል ብለው። ሰው አጠገብዎ ሲስቅ በእርስዎ እንዳልሳቀ ያውቃሉ። ሠራተኛ ስህተት ሲያሳይዎት ማታ እንቅልፍ ይወስድዎታል። የሌላው እጅ ሲባረክ የእርስዎ እጅ አይቆረጥም። ይቅርታ መጠየቅ መውደቅ መስሎ አይታይዎትም። ትንሿም” አለችና ቀዩን ወንበር አየችው፤ “ካርቶን ላይ ብትቀመጥ፣ እርስዎ ካርቶኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ።”

እስከዚያች ዓረፍተ ነገር ድረስ ባለወንበሩ ገና እየተከራከረ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ትንሿን በዓይነ ሕሊናው ካያት በኋላ ግን የሚከራከርበት ነገር አጣ። “ፈልጊልኝ” አለ።

ተፈለገ። የመጀመሪያው ሐኪም “እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ገጥሞኝ አያውቅም” አለው፤ ባለወንበሩ እየዘፈነ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ይህን በሰማች ጊዜ የእህቱን ልጅ ጠራች፤ ልጅቱም “ሌላ እንይ” አለች። ሁለተኛዋ በስልክ “ምን እንዲለወጥልዎት ይፈልጋሉ?” ብላ ጠየቀችው። ስልኩን ዘጋባት። ሲውል ሲያድር ራሱ መልሶ ደወለ። “የልጅ ልጄ እንድታየኝ” አለ፤ ቀጠሮ ተያዘ።

በቀጠሮው ቀን ለሠራተኞቹ “አንድ ክሊኒክ ወንበር ሊያሠራ ፈልጎ ነው” አላቸው። እነሱም “መልካም ገበያ” አሉ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ሚስቱ “ኮትህን ልያዝልህ ብዬ ነው እንጂ” ብላ ተከተለችው፤ ሞቃት ቀን ነበር። የእህቱ ልጅም “በዚያ በኩል ጉዳይ ስላለኝ” ብላ መጣች። ባለወንበሩ ቀዩን ወንበር ለምስክርነት ይዞታል፤ ሐኪሟ አይታ ትፍረድ ብሎ።

የመቆያው ክፍል ትንሽ ናት፤ ወለሏ ለጥ ያለ ሴራሚክ፣ ግድግዳዋ ነጭ። ባለወንበሩ ወንበሩን መሐል ወለል ላይ በክብር አስቀመጠው።

ቀጭ።

አየው። በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ዘመም አለ። ቀጭ። ለቀቀው። ቀጭ። አንስቶ ሌላ ቦታ አስቀመጠው፤ ወለልም ሊዛነፍ ይችላልና። ቀጭ አለ። እስከዛሬ አልታየውም፤ ሥራ ቤቱ ሰጋቱራ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ እሱ ደግሞ ተቀምጦበት አያውቅም።

ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። “ታውቂ ነበር?”

ያ ሁሉ ምክር ከአፏ የወጣው ልጅ ጫማዋን ታይ ጀመር። “ፌርማታው ላይ” አለች። “ስነካው።”

“አንቺስ?” አላት ሚስቱን።

“የልደቱ ቀን” አለች ሚስቱ፣ ኮቱን እንዳቀፈች። “ሁሉም አይቷል። ሁሉም ‘እንዴት ያምራል’ አለ።”

“ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም!”

ድምፁ ትንሿን ክፍል ሞላት። የቀጠሮ ተቀባይዋ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ፤ ሚስቱ ኮቱን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤ የእህቱ ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።  ባለወንበሩ ሦስቱን ሴቶች በየተራ አያቸውና መልሱን ከፊታቸው አነበበው።

ተንበረከከ። ወንበሩን ገልብጦ እግሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ለካ። አንደኛው የጥፍር ያህል አጥሯል። የገዛ እጁ ሥራ ነው። 

“ትንሿ ብቻ ናት የነገረችኝ” አለ።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አንድ ሰውና አንድ የተገለበጠ ወንበር ወለል ላይ አየች።

“ይግቡ” አለችው። “ወንበሩም አብሮ ይግባ?”

ባለወንበሩ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ።

“አይ” አለ። “እሱ ቃሉን ሰጥቷል።”